በሥነ ምግባር የወደቀ ተማሪ ይመረቅ?

የመከራከሪያው ጥያቄ፦ የሕክምና ወይም የነርሲንግ ተማሪ በዕውቀትም በክህሎትም አልፎ በሙያዊ ሥነ ምግባሩ ብቻ ቢወድቅ፣ ምረቃው ሊታገድ ይገባል?

የሕክምና መምህር፦ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2005 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ የአሜሪካ ጥናት በፈቃድ ሰጪ ቦርዶች የተቀጡ 235 ሐኪሞችን ካልተቀጡ 469 ጋር አነጻጽሯል። ከተቀጡት 39 በመቶ ያህሉ በተማሪነታቸው የሥነ ምግባር ችግር ተመዝግቦባቸው ነበር፤ ካልተቀጡት 19 በመቶ። በተለይ ጎልተው የታዩት ኃላፊነት መዘንጋትና አልታረምም ማለት ናቸው። ይህን እያወቅን ማሳለፍ በታካሚው ላይ መፍረድ ነው።

ነርስ፦ መምህር፣ ቁጥሩን ከሌላው ወገንም ይዩት። ከተቀጡት 61 በመቶው ከትምህርት ቤት የወጡት ያለ አንዳች ነቀፋ ነው። ብዙዎቹ የተበላሹት ሥራ ላይ ይመስለኛል። ተማሪው ስለ ታካሚ ክብር በክፍል ይማራል፤ ራውንድ (ታካሚዎችን በየአልጋቸው እየዞሩ ማየት) ሲወጣ ግን ከፍተኛው ሐኪም ሰውን በስሙ ሳይሆን በአልጋ ቁጥሩ ሲጠራ ይሰማል፣ መጋረጃ ሳይሳብ ገላው ሲገለጥ ያያል። ነጥቡ በዚያው ሐኪም እጅ ስለሆነ ዝም ይላል። ሳይቆይ እሱም «አልጋ 7» ማለት ይጀምራል። ይህን ያስተማረው ማን ነው?

ተማሪ፦ መመዘኑን አልቃወምም። ነገር ግን በምዘና ቅጹ ላይ «አክብሮት ያሳያል» የሚለው መስፈርት ብዙ ጊዜ የሚለካው ለአለቃ ዝም ማለትን ነው። የታዘዘው የመድኃኒት መጠን የበዛ መስሎኝ ስጠይቅ «ድፍረት ታበዛለች» ተብሎ ተጻፈብኝ። ጥያቄዬ እኮ ለታካሚው ደኅንነት ነበር!

የሕክምና መምህር፦ ያ መዛኝ ራሱ ሊጠየቅ ይገባው ነበር። ሆኖም ያልመረመረውን ታካሚ «መርምሬዋለሁ» ብሎ ካርድ ላይ የሚጽፍ ተማሪስ? እሱን በአስተማሪዎቹ ጥፋት ልንምረው ነው?

አዋላጅ ነርስ፦ ሐሰት የጻፈው ይታገድ። ከሌሊት ተረኛነት በኋላ በምጥ ላይ ባለች እናት ላይ የጮኸችው ተማሪ ግን ሌላ ናት። እናቲቱን ይቅርታ ትጠይቅ፤ ከዚያ የምታከብራት ባልደረባ አስቀምጣ ምን እንደተፈጠረ ታነጋግራት። ድካሟን የሚያይ ከሌለ ነገም ትጮኻለች። እ.ኤ.አ. በ2017 የተሻሻለው የሐኪሞች መሐላ፣ የጄኔቫ ቃል ኪዳንም ሐኪሙ የራሱን ጤንነት እንዲጠብቅ ያዛል።

ነርስ፦ እንግዲያው ቅጹ ወደ ላይም ይሞላ። ታካሚዎች፣ ነርሶችና ተማሪዎች ከፍተኛ ሐኪሞችን ይመዝኑ፤ ውጤቱም ለዕድገታቸው ይቆጠር።

የሕክምና መምህር፦ እኔም ልመዘን፤ እፈርማለሁ። የተማሪው ምዘና ግን የእኛን እየጠበቀ አይቆምም።