ወሰን ተሻጋሪ ክትትል፦ የጋራ ሐሳቡ ሁለተኛ ረቂቅ

አስተባባሪ፦ የረቂቁ አንቀጽ 3 «ፖሊስ ተጠርጣሪን ተከትሎ ወደ አጎራባች የሥልጣን ክልል መግባት ይችላል» ብሎ ያበቃል። ትእዛዝ ማን እንደሚሰጥና ክትትሉ መቼ እንደሚቆም ግን አይናገርም። ማሻሻያችሁን አምጡ።

የሕግ ክፍል፦ መነሻችን እ.ኤ.አ. በ1990 የተፈረመው፣ የአውሮፓ አገሮች በጋራ ድንበሮቻቸው ላይ ፍተሻን ያነሱበት የሼንገን ማስፈጸሚያ ስምምነት አንቀጽ 41 ቢሆን ይሻላል። አሳዳጁ ቢዘገይ ቢዘገይ ወሰኑን በሚያልፍበት ቅጽበት ለተቀባዩ፣ ማለትም ለሚገባበት ክልል ፖሊስ ያሳውቃል፤ አቁም ሲባል ያቆማል። መኖሪያ ቤት አይገባም። መሣሪያ ቢይዝም የሚጠቀምበት ራሱን ለመከላከል ብቻ ነው።

የሬዲዮ ማዕከል፦ «ያሳውቃል» የሚለው ልል ነው። የወንጀሉ ዓይነት፣ የተሽከርካሪው ሰሌዳና ቀለም፣ አቅጣጫና ፍጥነት፣ በውስጡ ያሉት ሰዎች ብዛት፣ የጦር መሣሪያ መኖር አለመኖሩ በዚህ ቅደም ተከተል ይነገር። ትልቁ ችግር የሬዲዮ መስመር መለያየት ነው፤ መልእክቱ በሁለት ማዕከላት ዞሮ እስኪደርስ ተቀባዩ መንገድ ላይ ጎማ የሚያፈነዳ እሾህ ይዘረጋል፣ ቀድሞ የሚፈነዳውም የአሳዳጁ ጎማ ይሆናል። የጋራ መስመር ይመደብ፤ በየፈረቃው መጀመሪያም ይሞከር።

የትራፊክ ክፍል፦ ተራ የደንብ ጥሰት ወሰን አያሻግር። የሚያሳድድ ተሽከርካሪ ከ2 አይብለጥ፤ ሦስተኛው በተቀባዩ ፈረቃ አዛዥ ፈቃድ ብቻ። ማንነቱ ከታወቀና በኋላ መያዝ ከተቻለ ማሳደዱ ይቁም። ክትትሉ «ያልተቋረጠ» የሚባልበትንስ ተጠርጣሪው ከዓይን ከተሰወረ እስከ 10 ደቂቃ ብለን ብንወስነው?

የሕግ ክፍል፦ ደቂቃ አንጻፍ። አስራ አንደኛው ደቂቃ ላይ የተያዘ ሁሉ ጠበቃው መያዙን ሕገወጥ ለማስባል መንገድ ያገኛል። ለአፍታ ከዓይን መሰወር ክትትሉን አያቋርጥም፤ አሳዳጁ ወደ ጣቢያው ከተመለሰ ወይም ሌላ ሥራ ከጀመረ ግን ተቋርጧል፣ ከዚያ በኋላ መደበኛ የትብብር ጥያቄ ያስፈልጋል።

የምርመራ ክፍል፦ ርክክቡ ረቂቁ ላይ ጭራሽ የለም። አሳዳጁ ለደኅንነት ሲል የተያዘውን ሰው ሰውነት ይፈትሻል፣ የተገኘውን ይመዘግባል፣ ተጠርጣሪውን ለአካባቢው ፖሊስ ያስረክባል። ፍርድ ቤት የማቅረቢያው ጊዜ የሚቆጠረው ከተያዘበት ደቂቃ እንጂ ከርክክቡ አለመሆኑ በግልጽ ይጻፍ፤ ሁለቱ ጣቢያዎች የተለያየ ሰዓት ሲመዘግቡ መዝገቡ ፍርድ ቤት ላይ ይበላሻል።

የሕግ ክፍል፦ የጉዳት ካሳም ይጨመር። በዚያው ስምምነት አንቀጽ 43 መሠረት ጉዳቱ የደረሰበት ወገን የራሱ ፖሊስ እንዳደረሰው ቆጥሮ ይክሳል፣ አሳዳጁን የላከው ወገን ደግሞ ይተካለታል። ተጎጂው ሁለት መሥሪያ ቤት አይመላለስም።

አስተባባሪ፦ የደቂቃው ሐሳብ ወጥቷል፤ ሌላው ይገባል። የሬዲዮ ማዕከል የመልእክቱን ቅጽ፣ የምርመራ ክፍል የርክክብ ቅጹን በአንድ በአንድ ገጽ ያዘጋጁ። የጋራ መስመሩን ወጪ ማን ይሸፍን የሚለው ገና ክፍት ነው።