መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ ይጠፋል፣ ክሮምም እምቢ ብሏል፤ ፎርማት ላስደርገው?

ጸሐፊዋ ከአራት ኪሎ
ጥር 14፣ ረፋድ 4 ሰዓት

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንኳን ለጥምቀት በዓል አደረሳችሁ።

አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለችኝ። ያለኝ ኮምፒውተር አንድ ዴስክቶፕ ብቻ ነው። ዊንዶውስ 10 ነው፣ ኮር አይ 3 አራተኛ ትውልድ፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ። ከከተራ ጀምሮ ዘግተን ነበር፣ ሶኬቱንም ነቅለን ነው የሄድነው። ትናንት ስንከፍት ጥቁር ስክሪን ላይ እንግሊዝኛ ጽፎ ቆመ፣ ኤፍ 1 ተጫኑ ይላል። ስጫነው ገባ። ቀኑ ግን ጠፍቶ 2012 ላይ ሄዷል። ታናሽ ወንድሜ አስተካከለው፣ ሰዓቱም ቀኑም አሁን ልክ ነው።

ከዚያ ወዲህ ግን ክሮም አንድም ገጽ አይከፍትልኝም። ሁሉም ላይ ቀይ ምልክት ያለው ማስጠንቀቂያ ያወጣል፣ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ነው የሚለው። በስልኬ በዚያው ዋይፋይ ስገባ ይሠራል፣ ስለዚህ የኔትወርክ ችግር አይደለም። ዛሬ ብቻ ኦንላይን ፎርም ሊያስሞሉ የመጡ ሦስት ሰዎች መለስኩ።

ሌላው ደግሞ ከበዓሉ በፊትም የነበረ ነው። ኮምፒውተሩ በጣም ይንቀራፈፋል። አንድ የዎርድ ፋይል ለመክፈት አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ደንበኛው ፊቴ ቆሞ። ታስክ ማናጀር ላይ ዲስክ የሚለው 100 ላይ ቀይ ሆኖ ይቆያል። አንድ የማውቀው ጠጋኝ ስደውልለት ሳያየው «ፎርማት ነው የሚያስፈልገው፣ አምጪው» አለኝ። ዲ ድራይቭ ላይ የአምስት ዓመት የደንበኛ ፋይል አለ፣ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሜክሲኮ አካባቢ

ፎርማት አስደርጊው ባይ ነኝ። የኔም እንደዛው ሲያደርግ ፎርማት አስደርጌ ዊንዶውስ 11 አስጫንኩ፣ አሁን ቀጥ ብሏል። ዊንዶውስ 10 እኮ ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ላይ ድጋፉን አቁሟል። አሮጌ ነገር ይዘሽ ምን ትሠሪያለሽ።

ብሎን ፈቺ

እህቴ፣ እባክሽ አትቸኩይ። የነገርሽን ሁለት የተለያየ በሽታ ነው፣ አንዱም ደግሞ በፎርማት የሚድን አይመስለኝም። ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። ማታ ሶኬቱን ሳትነቅዪ ብቻ ዘግተሽ ስትሄጂና መብራትም ሳይጠፋ ሲያድር፣ ጠዋት ሰዓቱ ልክ ሆኖ ነው የሚቆይሽ? ሁለተኛ፣ ወንድምሽ ቀኑን ሲያስተካክል ዓመቱን ስንት ብሎ ሞላው? አሁን ስክሪኑ ላይ ያለውን እንዳለ ጻፊልኝ።

ጸሐፊዋ ከአራት ኪሎ

አዎ፣ መብራት ካልጠፋና ካልነቀልነው ሰዓቱ አይነካም። አሁን ሳስበው ባለፈው ወር ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ያደረ ጊዜም እንዲሁ አድርጎ ነበር።

ስክሪኑ ላይ 5/14/2018 ይላል። ሰዓቱ 4:20 ኤኤም። ልክ አይደለም እንዴ? ዛሬ ጥር 14፣ 2018 አይደል?

ብሎን ፈቺ

ይኸው ተገኘ! ክሮምሽን የዘጋው እሱ ነው።

ወንድምሽ የኛን አቆጣጠር ነው የሞላለት። ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ስለዚህ አሁን ሜይ 14፣ 2018 ላይ ያለ ይመስለዋል፣ ማለትም ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ወደኋላ ተመልሷል። ቀኑ ላይ ክሊክ አድርጊና ካላንደሩን እዪው፣ ሰኞ ነው ይልሻል። ዛሬ ሐሙስ ነው።

ይሄ ከኢንተርኔት ጋር ምን አገናኘው ብትዪ፣ እያንዳንዱ ድረ ገጽ ሰርቲፊኬት የሚባል መታወቂያ አለው። መታወቂያው ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል አለበት፣ ዕድሜውም ከአንድ ዓመት ብዙም አይዘልም። ያንቺ ኮምፒውተር 2018 ላይ ቆሞ ሲያየው መታወቂያው ገና ያልተሰጠ ነው የሚሆንበት፣ ስለዚህ አላምነውም ብሎ ይዘጋል። ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው፣ የተነገረው ቀን ነው የተሳሳተው። ማስጠንቀቂያውን ረጋ ብለሽ ብታነቢው ሰዓትዎ ወደኋላ ቀርቷል የሚል ነገር ሳይጽፍልሽ አይቀርም። ቀዩን ምልክት ስናይ ስለምንደነግጥ ጽሑፉን አናነበውም።

አሁን እንዲህ አድርጊ። ታች በቀኝ ሰዓቱ ላይ በማውሱ ቀኝ ተጭነሽ ቀንና ሰዓት ማስተካከያውን ክፈቺ። የሰዓት ክልሉ ላይ ናይሮቢ የሚለውን ምረጪ፣ ዩቲሲ ሲደመር 3 ያለበትን፣ የኛም እሱ ነው። ከዚያ አውቶማቲክ የሚለውን አጥፊና ቀኑን በእጅሽ ጃንዋሪ 22፣ 2026 አድርጊው። ሰዓቱንም እንደ ፈረንጁ ሙዪ፣ በኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ማለት እሱ ጋ 10 ኤኤም ነው። የስድስት ሰዓት ልዩነት ቀላል ይመስላል ግን ኢሜይል የተላከበትን ሰዓት ያዛባብሻል። በመጨረሻ አውቶማቲኩን መልሰሽ አብሪና አሁን አመሳስል የሚለውን ተጫኚ። ልዩነቱ ዓመታት ሲሆን ዊንዶውስ በራሱ ላያስተካክለው ይችላል፣ መጀመሪያ ቀረብ ማድረጉ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ይሄ ግን ለዛሬ ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ እንደገና ይመለሳል። ምክንያቱም ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ጠፍጣፋ ባትሪ ሞታለች። ሶኬቱ ተሰክቶ እያለ ኮምፒውተሩ ቢዘጋም ትንሽ ኃይል ስለሚያገኝ ሰዓቱን ይይዛል። ሶኬቱ ሲነቀል ወይም መብራት ሲሄድ ያን ሥራ የምትይዘው ባትሪዋ ናት። ጥያቄዬም ለዚህ ነበር። ኤፍ 1 ተጫኑ ያለሽም ቅንብሩ ስለጠፋበት ነው።

ባትሪዋ ሲአር 2032 ትባላለች። ቁጥሩ ልኳን ነው የሚናገረው፣ ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2። ሲአር 2025 የምትባለውን እንዳይሰጡሽ፣ እሷ ትሳሳለች፣ በደንብ ላትነካ ትችላለች። ለብዙ መኪናዎች ሪሞት የሚገባው ይሄው ነው፣ ስለዚህ የትም አታጪውም። ኮምፒውተሩን ዝጊ፣ ሶኬቱን ንቀዪ፣ የሲፒዩውን ጎን ክፈቺ። በጎን ያለችውን ትንሽ ብረት በጥፍርሽ ገፋ ስታደርጊ ባትሪዋ ብድግ ትላለች። የመደመር ምልክት ያለበት ፊቷ ወደ ላይ ነው። ስታበሪው ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ያለው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ውስጥ ገብተሽ ቀኑን ሙዪና ሴቭ አድርጊ። መግቢያው እንደ ኮምፒውተሩ ዓይነት ዴሊት፣ ኤፍ 2 ወይም ኤፍ 10 ነው። የባዮሱ ቅንብር እንደሆነ ትናንትም ጠፍቶ ዊንዶውስ ስለገባልሽ በዚያ በኩል አትፍሪ።

የድሮ ታይፒስት

ልጄ፣ በሰዓቱ ጉዳይ ብሎን ፈቺ በደንብ ነግሮሻል። እኔ ስለ ፎርማቱ ብቻ ልናገር፣ ደርሶብኛልና።

ፒያሳ በነበርኩበት ጊዜ ልክ እንዳንቺ ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍብኝ ወስጄ ሰጠሁ። «ዲው አይነካም፣ ሲው ብቻ ነው የሚጠፋው» አሉኝ፣ አመንኳቸው። ስመለስ ሁለቱም አንድ ላይ ተደርጎ ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። አንዲት የማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን እኔ ጋ ነበር የምታስተይበው። አራት ምዕራፍ ጨርሰናል። ከእጅ ጽሑፉ ላይ እንደገና በነፃ ተየብኩላት፣ ሌሊቱን ሁሉ፣ ግን በመሃል ያስገባቻቸው እርማቶች የሉም። ስትመጣ ፊቷን ማየት እንዴት እንደከበደኝ ዛሬም አይረሳኝም። ስለዚህ ፋይልሽ በሌላ ቦታ ሳይቀመጥ ማንም እንዳይነካው። ዴስክቶፕ ላይና ማይ ዶክመንት ውስጥ ያለውም ሲ ላይ ነው ያለው፣ እሱንም እንዳትረሺ።

ሌላ ማንም የማያነሳው ነገር ፊደሉ ነው። ከፎርማቱ በኋላ ከሌላ ቦታ ያገኘኋቸውን የድሮ ፋይሎች ስከፍት አማርኛው ሁሉ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆኖ ተዘበራርቆ መጣ። ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ለካስ በቆዩት የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተየብነው ነገር ውስጡ የሚቀመጠው በላቲን ኮድ ነው፣ አማርኛ አስመስሎ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ከሌለ አማርኛውም የለም። በዩኒኮድ፣ ለአማርኛ ፊደል የራሱ ኮድ ባለው በአዲሱ አሠራር የተጻፈ ከሆነ ግን ችግር የለውም፣ ዊንዶውስ 10 ራሱ ኤብሪማ የሚባለው ፎንት ስላለው ያነበዋል። ኒያላ የሚባለውን ፎንት ከፈለግሽ ግን አንዳንዴ ከሴቲንግ ውስጥ ተጨማሪ ፎንት ብለሽ ማስገባት ይኖርብሻል። ስለዚህ ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ፎንትስ የሚለው ውስጥ ግቢና የምትጠቀሚባቸውን የአማርኛ ፎንቶች በሙሉ ኮፒ አድርገሽ ያዢ። የሶፍትዌሩንም መጫኛ ፈልጊ።

ከካዛንቺስ

ስለ መንቀራፈፉ እኔ ልጨምር። ሃርድ ዲስኩ ላይ ጆሮሽን አስጠጊና አዳምጪ፣ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አለው? ከዚያ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ በስልክሽ አውርደሽም ቢሆን በፍላሽ ጫኚው። ሰማያዊ ካለ ደህና ነው። ቢጫ ወይም ቀይ ካለ ዲስኩ መታመም ጀምሯል፣ ያን ጊዜ ፎርማት ማድረግ ምንም አይፈይድም፣ የታመመውን ዲስክ የበለጠ ማልፋት ነው። ዲስክ መመርመሪያ፣ መጠገኛ የሚባለውንም ፋይልሽን ሳታወጪ አታስጀምሪ፣ ሰዓታት ሲፈልግ ዲስኩ እዚያው ሊሞትብሽ ይችላል። መጀመሪያ ኮፒ። ኮፒ ስታደርጊም ከሁሉ የማይተካውን አስቀድሚ፣ ፊልምና ዘፈን ካለ ይቆይ።

ደግሞ ዲስኩ ደህና ሆኖም 100 ላይ ሊቆይ ይችላል። አሮጌ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክና 4 ጊጋ ራም ይዘሽ ከጀርባ አፕዴት ሲያወርድ፣ ፋይል ሲፈትሽ፣ ክሮም አሥር ገጽ ሲከፍት አይችለውም። ታስክ ማናጀር ላይ ስታርትአፕ የሚለውን ገብተሽ ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚነሱትን የማትፈልጊያቸውን አጥፊ። ያም ሆነ ይህ ኤስኤስዲ የሚባለውን የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ ብታስገቢለት የምታገኚውን ለውጥ በሌላ ነገር አታገኚውም። 240 ወይም 256 ጊጋው ለጽሕፈት ቤት ይበቃል።

ሜክሲኮ አካባቢ

የቀኑን ነገር እኔም አላሰብኩትም ነበር፣ ይቅርታ እህቴ፣ ቸኩዬ ነው። አሁን አይቼ ደግሞ ያንቺ አራተኛ ትውልድ ስለሆነ ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም፣ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ነው የሚለው። ዊንዶውስ 10 ላይ መቆየት ከፈለግሽ ሴቲንግ ውስጥ አፕዴት የሚለው ገጽ ላይ የተራዘመ የደህንነት አፕዴት መመዝገቢያ ይመጣል፣ እስከ ጥቅምት 3፣ 2019 ይሸፍንሻል። መመዝገቢያው የሚመጣልሽ ግን የመጨረሻው የዊንዶውስ 10 ቅጂ ካለሽ ነው።

ብሎን ፈቺ

አንድ የረሳሁት። ስታብላይዘር ብቻ ከሆነ ያለሽ መብራት ሲሄድ አያድንሽም፣ ኮምፒውተሩ ይጠፋል። ሃርድ ዲስክ እየጻፈ ሳለ እንዲህ ድንገት ሲጠፋ ፋይል ይበላሻል። ትንሽ ዩፒኤስ፣ ባትሪ ያለውን ማለቴ ነው፣ ብትገዢ ሴቭ አድርገሽ ለመዝጋት ጊዜ ይሰጥሻል። እስከዚያ ግን መብራት ሲጠፋ ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፊው፣ ሲመጣም ትንሽ እስኪረጋ ጠብቀሽ አብሪ።

ጸሐፊዋ ከአራት ኪሎ
ጥር 18፣ ማታ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ቀኑን ባስተካከልኩበት ደቂቃ ክሮም ተከፈተ! ወንድሜ አላመነም፣ ተመልሶ 2018 አድርጎ ሞከረው፣ እንደገና ተዘጋ።

ባትሪዋን ቅዳሜ ገዛሁ። አሮጌዋን ሻጩ በመለኪያው ሲለካት 1.9 አለ፣ አዲሷ 3.2። ቀየርኳት፣ ሌሊት ሶኬቱን ነቅዬ አሳደርኩት፣ ጠዋት ሰዓቱ ልክ ነበር።

ሃርድ ዲስኩ ግን ቢጫ ነው የሚለው። ድምፁንም ሰማሁት፣ እስከዛሬ የማራገቢያው ይመስለኝ ነበር። ጋሼ እንዳሉኝ ፎንቶቹን አስቀድሜ አወጣሁ፣ ከዚያ የመመረቂያ ጽሑፎቹን፣ ከዚያ ዴስክቶፑን። ዴስክቶፕ ላይ ያለው ሲ ላይ እንደሆነ ካልነገሩኝ ትቼው ነበር፣ የዘንድሮ ሥራ በሙሉ እዚያ ነበር ያለው። ሁለት ፋይል ኮፒ አልሆን ብሎኛል፣ አንደኛው የአንድ ሰው ሲቪ ስለሆነ ደውዬ ነግሬዋለሁ፣ ኢሜይሉ ላይ አለው። ሌላኛው 80 ገጽ የሆነ የተማሪ ጽሑፍ ነው። ሲከፈት ይቆማል፣ ግን አንዳንዴ እስከ ግማሽ ድረስ ይከፈታል። ከካዛንቺስ፣ ይሄን እንዴት ነው የማወጣው? እንደገና እየሞከርኩ ልቀጥል ወይስ ዲስኩን ነቅዬ ላስቀምጠው?

ከካዛንቺስ

ንቀዪው። አሁኑኑ ዝጊና ንቀዪው፣ በሞከርሽ ቁጥር እየባሰበት ነው የሚሄደው። ዊንዶውሱን አዲሱ ኤስኤስዲ ላይ እንደ አዲስ ጫኚ፣ አሮጌውን ለብቻው አስቀምጪው። የተማሪው ፋይል በፕሪንት የወጣ ቅጂ ይኖረው እንደሆነ ጠይቂው፣ ወይም በቴሌግራም ልከሽለት ከሆነ ቻቱ ውስጥ ፈልጊ፣ ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል። ካልተገኘ አሮጌውን ዲስክ ይዘሽ ነይ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተን ሙሉ ቅጂውን ባንድ ጊዜ ለማንሳት እንሞክራለን።

ጸሐፊዋ ከአራት ኪሎ

ነቅዬዋለሁ። ቴሌግራም ላይ አገኘሁት! ታኅሣሥ 20 የላክሁለት አለ፣ 74 ገጽ። የቀረውን ስድስት ገጽ ነገ ጠዋት ከእጅ ጽሑፉ እተይባለሁ።