የአድማጭን ፍላጎት በምን እንለካ? የጋራ ዕቅዳችን ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኛ የፖድካስት (በኢንተርኔት የሚለቀቅ የድምፅ ፕሮግራም) አዘጋጆች ማኅበር አባላት ባለፈው የተስማማንበት ይኸው፦ «ማኅበሩ የትኛው የፖድካስት ዓይነት አድማጭ እንዳለው በመጠይቅና በዳውንሎድ ብዛት ያጠናል።» የሚስተካከል ካለ ዛሬውኑ ጻፉልኝ።

አርታዒ፦ «በዳውንሎድ ብዛት» የምትለዋ ትውጣልኝ። ዳውንሎድ ማለት ፋይሉ ወረደ ማለት እንጂ ሰው ሰማው ማለት አይደለም። ስልኩ ራሱ ያወርደዋል፤ ባለቤቱ ሳይነካው ይሰረዛል። እ.ኤ.አ. በ2023 አይኦኤስ 17 (የአይፎን ስልክ ሶፍትዌር) ሲወጣ፣ የአፕል ፖድካስት አፕ አንድ ሰው ቆይቶ ሲመለስ ያመለጡትን ክፍሎች ሁሉ በራሱ ማውረዱን ተወ። የብዙ ፕሮግራሞች ቁጥር አሽቆለቆለ። አድማጭ ሄዶ አይደለም፤ ድሮም አልነበረም።

የራሴን ላሳያችሁ። 52 ደቂቃ የሚፈጅ ቃለ መጠይቅ ለቅቄ ነበር። በየደቂቃው ስንት ሰው እየሰማ እንደቆየ የሚያሳየውን የአድማጮቹን ግራፍ ስከፍተው እስከ 4ኛው ደቂቃ ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ ጋ ምን እያወራሁ ነበር? የእንግዳዬን ዲግሪዎች እየዘረዘርኩ! ያንን የታገሡት ግን አብዛኞቹ እስከ መጨረሻው አሉ። በዳውንሎድ ቢሆን ይህን መቼም አላውቅም።

የመጠይቅ ባለሙያ፦ መጠይቁም ጣጣ አለው። ሰው «ምን ትወዳለህ?» ሲባል የሚያስከብረውን ይመልሳል። ታሪክና ሳይንስ ይላል፤ ማታ ጆሮው ላይ የሚሰካው ግን የወንጀል ታሪክ ነው። (እኔም ያው ነኝ።) ስለዚህ «መጨረሻ የሰማኸው ክፍል የቱ ነው? ምን እየሠራህ? ጨረስከው?» ብለን እንጠይቅ። ሊንኩን በየገጻችን ብቻ ከለጠፍን ደግሞ የሚመልሱልን የራሳችን አድማጮች ናቸው። 5,000 ቢሆኑም ያው ቤተኞች ናቸው። በዕጣ የተመረጡ 400 ሰዎች ቢመልሱልን ግን ስሕተቱ ብዙውን ጊዜ ከ5 በመቶ ነጥብ ወዲያ ወዲህ አይልም።

አዲስ አባል፦ የሌለውንስ በምን እንለካ? ከመካከላችን የልጆች ፕሮግራም የሚሠራ የለም። ቁጥሩ ዜሮ ነው። ፈላጊ የለውም ልንል ነው?

አርታዒ፦ ይህቺን ረስቼያት ነበር። ሙከራ እንሥራ። 4 ዓይነት፣ ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ክፍል፣ 15 15 ደቂቃ። ስንቱ እንደጨረሰና ስንቱ ለሁለተኛው እንደተመለሰ እናያለን። ማስታወቂያውም ቀረጻውም እኩል ይሁን። አንዱ በደህና ማይክ፣ ሌላው በስልክ ከተቀዳ የምንለካው ማይኩን ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ 8 ክፍል? ኪሳችንን እያያችሁ እንጂ ልጆች። 3 ዓይነት ይበቃል።

አርታዒ፦ እሺ ጋሼ። የልጆቹ ግን አይነካብኝ።

የመጠይቅ ባለሙያ፦ ልጅ አንዱን ክፍል አሥር ጊዜ ይደጋግማል፣ ያውም በእናቱ ስልክ። እዚያ ላይ የተከፈተበትን ጊዜ ሳይሆን ስልኮቹን እንቁጠር።

ጸሐፊ፦ እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «ማኅበሩ በሦስት ዓይነት የሙከራ ፖድካስቶች፣ አንደኛው ለልጆች ሆኖ፣ ስንት ሰው እንደጨረሰና እንደተመለሰ ይለካል። በዕጣ ለተመረጡ ሰዎች፣ ፖድካስት ሰምተው የማያውቁትንም ጨምሮ፣ በቅርቡ ስላዳመጡት መጠይቅ ያቀርባል። ዳውንሎድ ይመዘገባል፤ ውሳኔ ግን አይሰጥበትም።» የቀሩትን ሁለት ዓይነቶች ሐሙስ እንመርጣለን። የየራሳችሁን ግራፍ ማጋራት የምትፈልጉ ስማችሁን ሰርዛችሁ ላኩልኝ። አርታዒዋ፣ ያንቺን የ4ኛ ደቂቃ ግን ከነስሙ እፈልገዋለሁ።