አክሮሜጋሊ ላለባት ታካሚ ቲኤስኤች ብቻ ይበቃል?

ጥያቄ፦ የፒቱታሪ ዕጢ (ከአንጎል ሥር ያለው ሆርሞን አመንጪ) ቀዶ ሕክምና የተደረገላት የአክሮሜጋሊ (የዕድገት ሆርሞን ከመጠን በላይ የሚመነጭበት ሕመም) ታካሚ ቲኤስኤችዋ (ታይሮይድን የሚያነቃቃው ሆርሞን) 1.8 ነው። ድካሙ፣ ብርድ ብርድ ማለቱና የሆድ ድርቀቱ ግን አልለቀቃትም፤ አንገቷ ላይም እንቅርት አለ። ታይሮይዷ (የአንገቷ ሆርሞን አመንጪ ዕጢ) ደህና ነው ማለት ይቻላል?

መልስ 1፦ በዚህ ቁጥር ብቻ አይቻልም። ቲኤስኤችን የሚያመነጨው ራሱ ፒቱታሪ ስለሆነ፣ እሱ ሲጎዳ ውጤቱ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። ፍሪ ቲ4 (በደም ውስጥ ነፃ ሆኖ ያለው የታይሮይድ ሆርሞን) ይታዘዝላት።

መልስ 2፦ ፍሪ ቲ4 ዝቅ ቢል እንኳ፣ አደራ፣ ሌቮታይሮክሲን (የታይሮይድ ሆርሞን ምትክ) ከመጀመሯ በፊት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ኮርቲሶል (ከአድሬናል ዕጢ የሚወጣው የጭንቀት ሆርሞን፤ ፒቱታሪ ሲጎዳ እሱም ሊያንስ ይችላል) ትለካ። ካነሰ ሃይድሮኮርቲሶን (የኮርቲሶል ምትክ) ይቅደም፤ ሌቮታይሮክሲን ያለችውን ጥቂት ኮርቲሶል ቶሎ ስለሚያስጨርስ የደም ግፊቷ ወርዶ ለሕይወቷ ያሰጋል። የሌቮታይሮክሲን ክኒኑን በባዶ ሆድ በውሃ ትዋጠው፤ ቁርስም ቡናም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይ። የብረትና የካልሲየም ክኒን ከእሱ በ4 ሰዓት ልዩነት ይራቅ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ፍሪ ቲ4 ይደገም። መጠኑ በቲኤስኤች አይስተካከል!

መልስ 3፦ እንቅርቱንም በአዮዲን እጥረት ብቻ አታሳብቡት፤ በአክሮሜጋሊ የሚበዛው አይጂኤፍ-1 (በዕድገት ሆርሞን ትእዛዝ የሚመነጭ ሆርሞን) የታይሮይድ ሴሎችን ያባዛል። አልትራሳውንድ ትነሳ፤ ከ1 ሴንቲሜትር በላይ የሆነ አጠራጣሪ እብጠት ከተገኘ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰድ።