ኢማክስ ላይ ፋይል ወደ ፎልደር ማዛወር እምቢ አለኝ

ሰላም፣ እባካችሁ እርዱኝ። ኢማክስ (Emacs) በሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ ፋይሎችን በሪኔም-ፋይል (rename-file፣ የፋይል ስም የሚቀይር ወይም ፋይል የሚያዛውር ትእዛዝ) ወደ ሌላ ፎልደር የሚያዛውር የቆየ ኮድ አለኝ። ድሮ መድረሻው ፎልደር ከሆነ ፋይሉን ውስጡ ያስገባው ነበር። አሁን "ፋይሉ ቀድሞ አለ" ብሎ ይቆማል። የመድረሻው ስም መጨረሻ ላይ ስላሽ (/) ስጨምር ግን ይሠራል።

በ2018 (እ.ኤ.አ.) ከወጣው ስሪት 26.1 ጀምሮ ኢማክስ መድረሻውን እንደ ፎልደር የሚቆጥረው ስሙ በስላሽ ካለቀ ብቻ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ፎልደር መሆኑ ታይቶ ፋይሉ እስኪዛወር ድረስ ሌላ ፕሮግራም ቦታውን ሊቀይረው ይችላል። ጥንቃቄው ተገቢ ነው።

የቸገረኝ መድረሻውን የሚሰጠው ተጠቃሚው መሆኑ ነው። አንዳንዴ ፎልደር፣ አንዳንዴ አዲስ የፋይል ስም ይጽፋል። ፎልደር መሆኑን ራሴ አጣርቼ ስላሽ ብጨምርበት የተደፈነውን ቀዳዳ መልሼ መክፈቴ አይደለም ወይ? ወይስ ስላሹን ራሱ ተጠቃሚው እንዲጽፍ ላስገድደው? እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?