ከትርፍ ወይስ ከሽያጭ? የባህር ዳር ነጋዴና የ2.5 በመቶው ግብር

መነሻ፦ ሐምሌ 2017 የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ የሂሳብ መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ ግብሩ ከዓመት ሽያጩ 2.5 በመቶ ካነሰ 2.5 በመቶውን ይክፈል ይላል። ከተማችንን ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

ሂሳብ አዋቂው፦ ይጎዳል። ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል በዓመት 20 ሚሊዮን ብር ሸጦ 400 ሺህ ቢያተርፍ በ30 በመቶው የትርፍ ግብር ስሌት 120 ሺህ ነበር የሚከፍለው። አሁን 500 ሺህ። ትርፉን ሁሉ አስረክቦ 100 ሺህ ከካፒታሉ ይጨምራል ማለት ነው። ወሰኑ 8.33 ብር ነው፤ ከ100 ብር ሽያጭ ከዚያ በታች የሚያተርፍ ሁሉ ይነካዋል። ስኳርና ዘይት የሚያከፋፍል ጅምላ ነጋዴ ከ100 ብር 3 ብር ቢያገኝ 2 ብር ከ50ው ለግብር ይሄዳል። እሱ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ዋጋ ላይ ይጭነዋል።

ደሞዝተኛዋ፦ ስሌቱስ ልክ ነው ወንድሜ። 400 ሺውን ግን ማን ቆጠረው? 15 ሺህ ደሞዝተኛ 3,200 ብሩ እጁ ሳይገባ ይቆረጣል። አንዳንዱ ባለሀብት ግን ሁለት መዝገብ አለው፤ ለባንክ ብድር ትርፋማው፣ ለገቢዎች ከሳሪው። በ2006 ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ከ12 በመቶ በላይ የነበረው የታክስ ገቢ በ2016 ከ8 በመቶ በታች የወረደው በደሞዝተኛ ጥፋት ነው?

የጣና ዳሩ፦ ደረሰኙን ረሳችሁት። ሆቴሉ ዓሣውን ከአስጋሪው፣ ሽንኩርቱን ከገበሬው ይገዛል። ደረሰኝ ከየት ይምጣ? ኦዲተሩ ወጪውን ይሰርዘዋል፣ ያልተገኘ ትርፍ ወረቀት ላይ ይወለዳል፣ ቅጣትና ወለድ ይከተላል። ከሳሪ ሁሉ ውሸታም አይደለም።

ደሞዝተኛዋ፦ ለዚህማ የግዢ ቫውቸር አለ። የሻጩ ስም፣ አድራሻና ፊርማ፣ የዕቃው ዓይነት፣ ኪሎና ዋጋ ይሞላበታል። ችግሩ በዓመቱ መጨረሻ ኦዲት ሲመጣ በአንድ እጅ ጽሕፈት፣ በአንድ እስክሪብቶ ሲሞላ ነው። ያን ማን ያምናል?

ሂሳብ አዋቂው፦ እሺ፣ እሱ እውነት ነው። ግን ሽያጭ ላይ የተጣለ ግብር ሽያጭን ያስደብቃል። «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ?» የሚለው ንግግር ይበዛል እንጂ አይቀንስም። ያኔ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስም አብሮ ይጠፋል።

የጣና ዳሩ፦ ሀብታሙን መንካት ከተፈለገ መሬቱ አለ አይደል። በቆርቆሮ አጥሮ ዋጋ የሚጠብቅ ሰው አስፋልቱን አልሠራ፣ ሐይቁን አላመጣ። የንብረት ታክስ አዋጅ ጥር 2017 ወጥቷል፤ መሬት አይሸሽ፣ ደረሰኝ አይደብቅ።

ሂሳብ አዋቂው፦ ማን ይገምተው? በ2009 መንግሥት ለግብር ብሎ የነጋዴውን የቀን ገቢ ግምት ሲያወጣ አምቦና ወሊሶ ሱቅ የተዘጋው ግምቱን ነጋዴው ስላላመነው ነው።

የጣና ዳሩ፦ የቀን ገቢ በዓይን ነበር የተገመተው። መሬት በካሬ ሜትር ይለካል፣ የሊዝ ጨረታ ዋጋውም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።