ሄንሪ ሮውሊንሰን፦ ከጦር መኮንንነት ወደ ጥንታዊ ጽሑፍ ሊቅነት

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በ17 ዓመቱ የእንግሊዙ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ጦር ውስጥ የገባ ልጅ እንዴት የባቢሎንን ጽሑፍ እስከ ማንበብ ደረሰ? የምታውቁ ብታብራሩልኝ።

መልስ 1፦
ነገሩ የተጀመረው ፋርስ ውስጥ ነው ወንድሜ። እ.ኤ.አ. በ1833 የሻሁን ጦር ሊያሠለጥኑ ከተላኩት መኮንኖች አንዱ ነበር። ከከርማንሻህ ብዙም በማይርቀው የቢሶቱን ገደል ላይ የጥንቱ የፋርስ ንጉሥ ዳርዮስ ታሪኩን ባቢሎንኛን ጨምሮ በሦስት ቋንቋ አስቀርጿል። ሮውሊንሰን ጠባብ ጠርዝ ላይ መሰላል አቁሞ፣ ጫፉ ላይ ወጥቶ፣ በግራ ክንዱ ዓለቱን ተደግፎ፣ በግራ እጁ ደብተር በቀኙ እርሳስ ይዞ ይገለብጥ ነበር።

እኔን በጣም የሚነካኝ ግን በ1847 የሆነው ነው። የባቢሎንኛውን ክፍል ሊደርስበት አልቻለም። አንድ የኩርድ ልጅ በዓለቱ ስንጥቅ ወጥቶ የእንጨት ችካል መታ፤ ገመድ አሰረ፤ ከዚያም በጣቶቹ ብቻ ለስላሳውን ገደል ተሻገረ። ማዶ ሌላ ችካል ተክሎ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ እርጥብ ወረቀት ፊደሎቹ ላይ እየጫነ ቅርጻቸውን አነሳ። የሮውሊንሰን ዝና የቆመው በዚህ ልጅ ላይም ነው፤ ስሙን ግን አልጻፈልንም። ይህ ያሳዝነኛል።

መልስ 2፦
የአየርላንዱን ቄስ ኤድዋርድ ሂንክስንም አትርሱ፤ ከባቢሎንኛው ጽሑፍ ብዙውን ምልክት የፈታው እሱ ነው። በ1857 እሱና ሮውሊንሰን፣ ከሌሎቹ ሊቃውንት ከኦፐርትና ከታልቦት ጋር፣ አንድ ጽሑፍ ለየብቻ ተርጉመው በታሸገ ፖስታ አቀረቡ። ዳኞቹ ሲያስተያዩት በዋናው ነገር ተስማምቶ ተገኘ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የኩርዱን ልጅ ታሪክ ጨርሶ አልሰማሁም ነበር።